ተመጣጣኝ ማመቻቸት ምንድን ነው? አካል ጉዳተኛ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ

«እዚህ ሁሉም እኩል ነው።» ስንቅ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የቆመ ሰው ይህን መልስ ያውቀዋል። ክራንቹ ይመለስለት ሲባል ይነገራል። መድኃኒቱ ይግባለት ሲባልም ይነገራል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ግን መቆም የማይችልን ሰው ከሌሎቹ ጋር «ተነሥታችሁ ተሰለፉ» ማለት እንዴት ሆኖ ነው እኩል ማየት የሚሆነው? ማንም እጁን አላነሣበትም። በደሉ ግን ተፈጽሟል።

ይህን ዓይነቱን በደል ሕጉ የሚይዝበት ሐሳብ ተመጣጣኝ ማመቻቸት ይባላል። አካል ጉዳተኛ መብቱን ከሌላው ሰው እኩል እንዲጠቀም፣ ለእሱ ሁኔታ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ማድረግ ማለት ነው። ማስተካከያው አድራጊውን ከአቅሙ በላይ የሚያስጨንቅ መሆን የለበትም። በተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 2 መሠረት ይህን መንፈግ ራሱ አድልዎ ነው። አንቀጽ 14 ደግሞ ሰውየው በየትኛውም መንገድ ነጻነቱን ቢያጣ ይህ መብት አብሮት እንደሚሄድ ይናገራል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ባሕር ዳር ያለ ጣቢያም በዚሁ ይገዛል።

አንድ የሚምታታ ነገር ላጥራ። ተደራሽነት የሚባል ሌላ ሐሳብ አለ። እሱ ሕንጻው ከመነሻው ለሁሉም እንዲሆን አድርጎ መሥራት ነው። ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መግቢያ)፣ ሰፊ በር፣ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት። ይህ በጀት ይፈልጋል፤ ጊዜም ይፈልጋል። ተመጣጣኝ ማመቻቸት ግን ዛሬ ማታ ስለገባው አንድ ሰው ነው። ራምፕ ከሌለ ለበሩ ቅርብ የሆነው ክፍል ይሰጠው። የሚቀመጥበት ሽንት ቤት ከሌለ መሐሉ የተቀደደ ወንበር ከቤተሰቡ ይግባለት። ስለዚህ «በጀት የለንም» የሚለው መልስ ለሕንጻው ይሠራ ይሆናል። ለሰውየው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። መርማሪው ራሱ በተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ችግሩ ይገባኛል። ክራንች ለመመለስ ግን ገንዘብ አያስፈልግም።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ መስማት የተሳነው ወጣት አለ እንበል። ከዘጌ በጀልባ መጥቶ ባሕር ዳር ወርዷል። የጌሾ ጆንያ ተሸክሞ ወደ ገበያ እየሄደ ነው። ከኋላው ፖሊስ «ቁም!» ይላል። ወጣቱ መንገዱን ይቀጥላል። ፖሊሱ ሮጦ ደርሶ ትከሻውን ይይዘዋል። ልጁ ይደነግጥና ይገፈትረዋል። በቃ፣ ከዚህ በኋላ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «ትእዛዝ ባለማክበርና ፖሊስ በመገፍተር» የሚል ነው። እጁ ወደ ኋላ በካቴና ይታሰራል። ጣቢያ ሲደርስ ስሙ ይጠየቃል። ዝም። እንደገና ይጠየቃል። ዝም። «ታሾፍብኛለህ?» ይባልና ጥፊ ይከተላል። ልጁ የሚናገረው በእጁ ነበር። እጁን ወደ ኋላ ማሰር አፉን በጨርቅ መጠቅጠቅ ነው።

እዚህ ጋ የሚያስፈልገው ማመቻቸት ምን ነበር? ግቢ ከገባ በኋላ ካቴናው ይፈታ፤ ካልተቻለ እጁ ወደ ፊት ይታሰር። ማንበብ የሚችል ከሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጠው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይጠራ። አስተርጓሚው እስኪመጣ እህቱ በቴሌግራም ቪዲዮ ትደወልለት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተከሰሰበት ነገር በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዛል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም አንቀጽ 27 ላይ፣ ቃሉ የሚመዘገብበትን ቋንቋ በደንብ የማይረዳ ሰው ብቁ አስተርጓሚ ይቅረብለት ይላል። የምልክት ቋንቋም ቋንቋ ነው። አማርኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ የሚጠራ ጣቢያ ለዚህ ልጅ የማይጠራበት ምክንያት የለም።

ጉዳዩ የሚከብደው ልጁ ትምህርት ቤት ካልገባ ነው። በጣና ዳርና በደሴቶቹ መስማት የተሳነው ልጅ ሳይማር ሊያድግ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር የሚግባባበት የቤት ምልክት አለው። ከከተማ የመጣ አስተርጓሚ ያንን አያውቀውም። ከዚህ ጋር በጣም የሚመሳሰል ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2012 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አይቷል። ሃንጋሪ ውስጥ አንድ መስማትና መናገር የተሳነው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው በዝርፊያ ተጠርጥሮ ይያዛል። ፖሊስ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አቅርቦለታል። ሰውየው ግን መደበኛውን የምልክት ቋንቋ አይችልም። በደንብ የሚግባባው ከእናቱ ጋር ብቻ ነው። ሦስት ወር ገደማ ታስሮ ቆየ። ፍርድ ቤቱ የታሰረበት ምክንያት በሚገባው መንገድ አልተነገረውም፤ አያያዙም ኢሰብአዊና አዋራጅ ነበር ብሎ ሃንጋሪን ጥፋተኛ አደረገ። «አስተርጓሚ አቅርበናል» ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ተግባብተዋል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው። በእኛ አካባቢ መልሱ ብዙ ጊዜ እናትየዋን በጀልባ ማስመጣት ይሆናል። ቃል የሚቀበለው መርማሪ እሷ እስክትደርስ ይታገሥ።

ወደ ክራንችና ዊልቸር ልመለስ። ሲፈተሹ ክራንች የሚወሰድበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ብረት ነው፣ መማቻ ይሆናል ይባላል። ሥጋቱ ባዶ ነው አልልም። ነገር ግን ክራንቹ ሲወሰድ ሰውየው በእጁ መሬት እየዳኸ ሽንት ቤት ይሄዳል። የሽንት ቤቱን ወለል የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያው እጅ እንጀራ ይቆረሳል። ሥጋት ካለ ክራንቹ በር ላይ ተረኛው ፖሊስ ዘንድ ይቀመጥና በጠየቀ ቁጥር ይሰጠው። የእንጨት ክራንች ከቤት ይምጣለት። መንገድ አይጠፋም።

ስለ ዊልቸር ደግሞ የምጠቅሰው የእንግሊዝ ጉዳይ አለ። ፕራይስ በተባለች ሴት ስም የሚታወቅ መዝገብ ነው። እጆቿም እግሮቿም ሲወለዱ ጀምሮ ያልተሟሉ፣ በኤሌክትሪክ ዊልቸር የምትንቀሳቀስ፣ የኩላሊት ችግር ያለባት ሴት ናት። እ.ኤ.አ. ጥር 1995 በዕዳ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርባ ጥያቄ አልመልስም በማለቷ የ7 ቀን እስር ተፈረደባት። መሽቶ ስለነበር ያን ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ አደረች። አልጋው አልሆናትም፤ ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣ አደረች። የመብራቱ ማብሪያና የአደጋ ጊዜ ጥሪው አይደረስባትም። ሽንት ቤቱ ከፍታው አላስጠጋትም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ይህ አዋራጅ አያያዝ ነው ብሎ ፈረደ። ከፍርዱ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነጥብ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሊያዋርዷት ያሰበ ሰው እንደነበር ማስረጃ የለም ብሏል። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም አልመታትም። ሆኖም በደሉ በደል ሆኖ ተመዘገበ። የእኛ አገር ጣቢያ በዚህ ፍርድ አይገደድም፤ ነገሩ ግን እዚህም ያው ነው። «ክፉ አላሰብኩም» የሚለው መልስ ሌሊቱን ተቀምጦ ላደረ ሰው ምንም አይለውጥለትም።

የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ታሳሪ ሲሆን ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ሰው ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ አያመውም። ስለማያመውም አይገላበጥም። በጥቂት ሰዓት ቆዳው ይሞታል፣ ከዚያ ይቆስላል፣ ቁስሉ አጥንት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል፣ ከመረቀዘም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ለእሱ ፍራሽ ምቾት አይባልም። ሽንቱን በቱቦ የሚያወጣ ከሆነ ንጹሕ ቱቦና ውኃ ያስፈልገዋል። በሰዓት ብቻ ወደ ሽንት ቤት በሚወጣበት ቤት ለእሱ ሰዓት አይሠራም። የሚጥል በሽታ ያለበትም እንዲሁ። ብዙዎች የሚወስዱት ፌኖባርቢታል ነው። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ መጣሉ ተደጋግሞ ሳይቆም ሊቀጥል ይችላል። «ነገ ይገባለታል» የተባለ መድኃኒት ለነገ ላይደርስ ይችላል።

ማየት ለተሳነው ሰው ትልቁ አደጋ ወረቀት ነው። ቃሉ በሌላ ሰው እጅ ይጻፋል። ጣቱ ተይዞ ቀለም ይነከርና ይታተማል። ምን ላይ እንዳተመ አያውቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 ዓይነ ሥውር የፈረመው የጽሑፍ ውል በውል አዋዋይ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሕጉ ለውል እንጂ ለፖሊስ ቃል የተጻፈ አይደለም። ግን ሐሳቡን እዩት። በሬ ለመሸጥ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገለት፣ ዓመታት ለሚያስቀጣ ቃል ምን ያህል ይገባዋል? ቢያንስ እሱ የሚያምነው ሰው ወይም ጠበቃ ባለበት ጮክ ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ይነበብለት። የአንባቢው ስም መዝገቡ ላይ ይጻፍ።

«አሁን ጊዜው አይደለም፣ የጸጥታ ችግር አለ» የሚልም አይጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ብዙ ሰው ሲታሰር አይተናል። በጦርነት እግሩን ያጣ ሰው በምን አጣኸው መባሉ ራሱ ጥርጣሬ ሊሆንበት ይችላል። ለዚህም ሕገ መንግሥቱ መልስ አለው። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሊነኩ የማይችሉ ድንጋጌዎችን ይዘረዝራል። ከእነሱ መካከል አንቀጽ 18፣ ማለትም ከኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅ፣ እና አንቀጽ 25፣ ማለትም እኩልነት፣ ይገኛሉ። የምናወራው ስለ እነዚሁ ሁለቱ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ደግሞ የተያዘን ሰው በጭካኔ ወይም ተገቢ ባልሆነ መንገድ የሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል።

ልባችሁ ውስጥ እንዲገባ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። አካል ጉዳተኛ ታሳሪን አንዳንድ ፖሊስ በደንብ ይይዘዋል፤ «ምስኪን፣ ያሳዝናል» ብሎ። ደግ ሰው ነውና እግዜር ይስጠው። ግን ተረኛው ሲቀየር ደግነቱም አብሮ ይቀየራል። መብት ሲሆን የጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ ያዝዘዋል፤ የሌሊቱም ተረኛ ይፈጽመዋል። ስምምነቱ አንቀጽ 13 ላይ ፖሊሶችና የማረሚያ ቤት ሠራተኞች በዚህ ጉዳይ ይሠልጥኑ የሚለውም ለዚህ ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ? በይሉኝታ ዝም አትበሉ። «ብንናገር ያባብሱበታል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ጎድቷል። ጣቢያ እንደደረሳችሁ የጉዳቱን ዓይነት ለተረኛው ንገሩና መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ። የሐኪም ወረቀት ካለ፣ ከፈለገ ሕይወት ወይም ከጥበበ ግዮን ሆስፒታል የተሰጠ ካርድም ቢሆን፣ ኮፒውን ስጡ፤ ዋናው እናንተ ጋ ይቅር። መድኃኒት ስታስገቡ ስሙንና ሰዓቱን ጽፋችሁ አብራችሁ አስገቡ። የምትጠይቁትን ነገር በዝርዝር ጠይቁ። «እባካችሁ እዘኑለት» ከማለት «ክራንቹ ይመለስለት፣ በር አጠገብ ይተኛ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ መድኃኒቱን ይውሰድ» ማለት ይሻላል። ለዝርዝር ጥያቄ እምቢ ማለት ይከብዳል።

ጣቢያው እምቢ ካለ ዳኛው አለ። የተያዘ ሰው ለጉዞ ከሚወስደው ጊዜ ሌላ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በዚያ ቀን ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለምርመራ ተጨማሪ ቀን፣ ይጠይቃል፤ ዳኛው ደግሞ ተጠርጣሪውን የምትለው አለ ወይ ይለዋል። ብዙ ሰው ስለ ዋስትና ብቻ ይናገርና ይቀመጣል። ስለ አያያዙም መናገር ይችላል፣ ማሳየትም ይችላል። ጠበቃ ከሌለ ተከላካይ ጠበቃ ይጠየቅ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም ከተማው ውስጥ ቅርንጫፍ አላቸው። ፍርድ ቤት ስትናገሩ ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ ያላችሁት ሁሉ መዝገቡ ውስጥ እንዲጻፍ ዳኛውን ጠይቁ። ዳኛው ስለ አያያዙ ትእዛዝ ከሰጠ ደግሞ ለጣቢያው በጽሑፍ እንዲደርስ፣ አንድ ኮፒም ለእናንተ እንዲሰጥ ጠይቁ።