የማሕፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በሐዋሳ

የማሕፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። መነሻው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ሲሆን፣ አብዛኛው ኢንፌክሽን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ የቆየው ወደ ካንሰር ለመለወጥ ባብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለና ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃው ይችላል። ምርመራው የሚሠራው በዚህ መሐል ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የታሰበው ምንም ለማያማት ሴት ነው። ከግንኙነት በኋላ ወይም ወር አበባዋ ከቆመ በኋላ የሚደማት ሴት ቅድመ ምርመራ ሳይሆን ቶሎ ሐኪም ዘንድ ቀርባ ከማሕፀኗ በር የሥጋ ናሙና መስጠት ይገባታል።

በሐዋሳ አገልግሎቱ በአዳሬ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ነዋሪው «ሪፈራል» በሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በተወሰኑ ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል። ጤና ጣቢያ የምትሄድ ሴት የሠለጠነችው ነርስ በየትኛው ቀን እንደምትገኝ አስቀድማ ብትጠይቅ ምልልስ ይቀርላታል። ከገጠር ሲዳማ ለሚመጡ እናቶች ማብራሪያው በሲዳሙ አፎ፣ ማለትም በሲዳማ ቋንቋ፣ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ልጇ ወይም የወንድሟ ልጅ ቆሞ ሲያስተረጉምላት ስለ መድማቷ አትናገርም።

በስፋት የሚሠራው ቪአይኤ ነው፤ የማሕፀኑን በር በአሴቲክ አሲድ (በኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ) ቀብቶ በዓይን ማየት ማለት ነው። በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ከግንኙነት፣ ብልትን በውስጥ ከመታጠብና በብልት ከሚገባ መድኃኒት መቆጠብ ያስፈልጋል። ወር አበባ ላይ ያለች ሴት ሲቆም ትመለሳለች። ነርሷ ስፔኩለም በተባለው መሣሪያ ብልትን ከፍታ የማሕፀኑን በር ካየች በኋላ ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ አሲድ ትቀባዋለች፣ ቢያንስ 1 ደቂቃ ትጠብቃለች፣ ከዚያ በብርቱ መብራት ታያለች። የበሩ የውጭና የውስጥ ሽፋን በሚገናኙበት መጋጠሚያ አጠገብ ድንበሩ የለየ ወፍራም ነጭ ቦታ ከታየ ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ይባላል። ይህ ካንሰር አለ ማለት አይደለም።

ስህተት የሚገባው በትንንሹ ነገር ነው። 5 በመቶ ለማግኘት 5 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ አሲድ በ95 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበረዛል፤ ከቀጠነ ነጩ አይወጣም፣ ከበዛ ሥጋ ያቃጥላል። ደቂቃው ሳይሞላ ማየት፣ መብራት በሄደ ቀን በደካማ ባትሪ መሥራት፣ በኢንፌክሽን የቀላን ቦታ እንደ ቅድመ ካንሰር መቁጠር ሁሉም ውጤቱን ያዛባሉ። ከ50 ዓመት በላይ መጋጠሚያው ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ቪአይኤ ብዙም አያስተማምንም። በዓለም ጤና ድርጅት የ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያ መሠረት ምርመራው ከ30 ዓመት፣ ኤችአይቪ ላለባት ሴት ከ25 ዓመት ይጀመራል። በቪአይኤ ከሆነ በየ3 ዓመቱ ይደገማል።

ነጩ ቦታ ሙሉ በሙሉ የሚታይ፣ ወደ ውስጥ ያልዘለቀና ከበሩ ሦስት አራተኛ ያልበለጠ ከሆነ ሕክምናው በዚያው ቀን ይሰጣል። አንዱ መንገድ በ100 ዲግሪ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መተኮስ ነው። ሌላው ክራዮ ነው፤ 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ 5 ደቂቃ ማቅለጥ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ። ክራዮ የጋዝ ሲሊንደር ስለሚፈልግ ጋዙ ሲያልቅ ሥራው ይቆማል። ከዚህ የሰፋው ወደ ሆስፒታል ተልኮ በኤሌክትሪክ ሽቦ ይቆረጣል። የዚህኛው ስም «ሊፕ» ነው፤ ከወሊድ መከላከያው «ሉፕ» ጋር ስለሚምታታ ባለሙያዋ ለይታ መንገር አለባት። ሉፕ ያላት ሴትም ሳታስወጣው መመርመር ትችላለች።

ከሕክምናው በኋላ እስከ 4 ሳምንት ውሃ መሰል ፈሳሽ መኖሩ የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ከወር አበባ የበዛ ደም ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መመለስ ይገባል። ለ4 ሳምንት ከግንኙነት መታቀብ ግድ ስለሆነ ባልየውን ሳታማክር የመጣች ሴት ብዙ ጊዜ «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ትሄዳለች፤ ይህን ከምርመራው በፊት መንገር ከሁሉም ይበልጣል። የክትትል ምርመራው ከ1 ዓመት በኋላ ነው።

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት ወጣት ሴቶች አብዛኞቹ 30 ዓመት ስላልሞላቸው፣ ኤችአይቪ ከሌለባቸው ይህ ምርመራ ገና አይመለከታቸውም። ለታናናሾቻቸው ያለው የኤችፒቪ ክትባት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። የተከተበችም ዕድሜዋ ሲደርስ ትመረመራለች፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች አይከላከልምና።

በዚያው ቀጠሮ የጡት ምርመራና የደም ግፊት ልኬት መጠየቅ ይቻላል። ለጡት የሚመቸው ወር አበባ ከጀመረ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገማል። ውጤቱ፣ ቀኑና የሚቀጥለው ቀጠሮ ተጽፎ ለሴትዮዋ ይሰጣት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ያንን ወረቀት ያያሉ።