ማጅራት ገትር በጎንደርና አካባቢዋ

ማጅራት ገትር አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚሸፍኑት ስስ ሽፋኖች ሲቆጡ የሚከሰት ሕመም ነው። ይህን ስም ያገኘው የታማሚው ማጅራት ተገትሮ አገጩን ወደ ደረቱ ማስጠጋት ስለሚያቅተው ነው። ስሙ ገላጭ ቢሆንም የሚያዘናጋ ጎን አለው፤ አንገት እስኪገተር ድረስ በሽታው ሌላ ነገር ነው ብሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። የአንገት መገተር ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይታይ፣ በጨቅላ ሕፃናት ላይም ጨርሶ ላይኖር ይችላል። በሕፃናቱ ላይ የሚታየው ጡት እምቢ ማለት፣ መዝለፍለፍ፣ ማባሪያ የሌለው ለቅሶ ወይም የእርግብግቢት ማበጥ ነው።

ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ተነሥቶ በሰሃራ በስተደቡብ የሚዘረጋው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ምሥራቃዊ ጫፍ ናት። በዚህ ቀበቶ ወረርሽኙ የሚበረታው በበጋ፣ በተለይም ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ሲሆን፣ አቧራው፣ ደረቁ ነፋስና የሌሊቱ ብርድ የአፍንጫንና የጉሮሮን የውስጥ ሽፋን ስለሚጎዱ ለተሕዋሲያኑ መንገድ ይከፍታሉ። ዝናቡ በደንብ ሲጥል ወረርሽኙ ይረግባል። ለወረርሽኝ ዋናው ምክንያት የሆነው ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜ ከ100 ሰዎች ውስጥ ከ1 እስከ 10 የሚሆኑት ሳይታመሙ በጉሮሯቸው ይዘውት ይኖራሉ። የሚተላለፈው በምራቅና በአክታ ጠብታ፣ በቅርበት አብሮ በመቆየት ነው። በጎንደር ጥር 11 ቀን በፋሲል መዋኛ የሚሰበሰበው ምእመን ብዛት የታወቀ ነው፤ ይሁንና ሰዎች ለሳምንታት ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጠጋግተው የሚያድሩባቸው የተማሪዎች መኖሪያ፣ የወታደር ካምፕ፣ ማረሚያ ቤትና ወደ መተማ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች የሚያድሩባቸው ዳሶች የበለጠ ያሳስባሉ።

አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የታመሙባቸውን ከባድ ወረርሽኞች አሳልፋለች።

በጎንደር ዙሪያ ሕክምናን የሚያዘገየው ርቀት ብቻ አይደለም፤ የበሽታው ሌላ በሽታ መምሰልም ነው። ከተማዋ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተባት አንዱ ምክንያት በጣና ዳር በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ዛሬም ከደምቢያ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ትውከት ይዞ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠረጠረው በወባ ነው። የደም ምርመራው ወባ መኖሩን ቢያሳይ እንኳ ማጅራት ገትር የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ደጋ ላይ ደግሞ ያው ትኩሳት «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሻል። ዳማ ከሴው በራሱ ላይጎዳ ይችላል፤ የሚጎዳው እስከ ነገ እንየው ተብሎ የሚያልፈው ሌሊት ነው። በጠበል ለሚያምን ቤተሰብም ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ማስኬድ የሚከለክለው ነገር የለም። ብርሃን መጥላት፣ መቃዠት፣ መንቀጥቀጥ ወይም በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ከታየ ታማሚውን በቃሬዛም ቢሆን ወዲያው ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ሽፍታው በጠቆረ ቆዳ ላይ ስለሚደበቅ መዳፍን፣ ውስጥ እግርንና የዓይን ቆብን ውስጥ መመልከት ይበጃል።

በባክቴሪያ የሚመጣው ማጅራት ገትር ካልታከመ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉን ሊገድል ይችላል፤ ሞቱም ብዙ ጊዜ ምልክቱ በታየ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት በጤና ጣቢያ በሽታው በጥብቅ ከተጠረጠረና ወደ ሆስፒታል የሚደረገው ጉዞ የሚዘገይ ከሆነ፣ እንደ ሴፍትሪአክሶን ያለ ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት በመርፌ ተሰጥቶ ሪፈር ማድረግ ተገቢ ነው። በሆስፒታል የሚደረገው ዋናው ምርመራ ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ ሲሆን፣ ብዙ አስታማሚ «ሽባ ያደርገዋል» ብሎ ይፈራዋል። መርፌው የሚገባው ግን ሕብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች፣ በወገብ በኩል ነው። ፈሳሹ ጤናማ ሲሆን እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ በባክቴሪያ ሲበከል ብዙ ጊዜ ይደፈርሳል። ምርመራው መድኃኒቱ ምን ይሁን፣ ለስንት ቀን ይሰጥ የሚለውን ይወስናል፤ ምክንያቱም በቲቢ ወይም በፈንገስ የሚመጣው፣ በተለይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ፣ ቀስ ብሎ ለሳምንታት የሚጎተትና ፍጹም የተለየ ሕክምና የሚሻ ነው።

ክትባቱ ብዙ ለውጥ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ኢትዮጵያውያን ለሜኒንጎኮከስ «ኤ» ዓይነት በዘመቻ ተከትበዋል፤ ሌላውን የማጅራት ገትር አምጪ ባክቴሪያ፣ ኒሞኮከስን፣ የሚከላከለውም ከ2011 ጀምሮ ለሕፃናት በመደበኛነት ይሰጣል። ሆኖም የዘመቻው ክትባት «ሲ»፣ «ደብሊው» እና «ኤክስ» የተባሉትን ዓይነቶች አይመክትም፤ ተከትቤያለሁ ብሎ ትኩሳትን መናቅ ስለዚህ አያዋጣም።

ከዳኑት መካከል ከአምስት አንዱ ያህል ዘላቂ ጉዳት ይተርፈዋል፤ የሚጥል በሽታ፣ የአካል መዛል፣ ከሁሉ በላይ ግን የመስማት መቀነስ። ከሆስፒታል የወጣ ልጅ ሲጠሩት ዝም ቢል እልኸኛ ወይም ፈዛዛ ተብሎ ሊገሠጽ ይችላል፤ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ወይም በተከታዮቹ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጆሮው መመርመር ያለበት ለዚህ ነው።