ስለ «ቻው» የምናስበውና እውነቱ

«ቻው» የማይል አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። ስልክ ስንዘጋ ቻው ነው። አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ እጁን እያወዛወዙለት «ቻው በል» ይባላል። ይህች አጭር ቃል አውሮፓ ውስጥ ግን ከአገር አገር ሥራዋ ይለያያል። የኛን ፍቺ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ግራ ይጋባል። ስለዚህ በብዛት የሚሰሙትን የተሳሳቱ ግምቶች አንድ በአንድ ብናያቸው ጥሩ ነው።

«ቻው እንግሊዝኛ ነው»

አይደለም፣ ጣሊያንኛ ነው። ማኪያቶ፣ ፒያሳና ጎሚስታ የመጡት ከዚያው ቋንቋ ነው። እንግሊዞችም እንደኛው ተዋሱት እንጂ የራሳቸው አይደለም።

«ትርጉሙ ደህና ሁን ነው»

ለኛ አዎ። ለጣሊያኖች ግን ይህ ግማሹ ብቻ ነው። ጓደኛቸውን ሲያገኙም «ቻኦ»፣ ሲለዩትም «ቻኦ» ይላሉ። ሮም ወይም ሚላኖ ሥራ የጀመረ ሐበሻ ጠዋት በር ላይ «ቻኦ!» ቢባል ሰላምታ ነው፤ ማንም እየተሰናበተው አይደለም። ነገሩ ለኛም እንግዳ መሆን የለበትም። «ጤና ይስጥልኝ»ን አስቡት። ስንገናኝም ስንለያይም ይሠራል።

ከጣሊያን ስንወጣ ደግሞ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ጀርመኖች፣ ፈረንሳዮች፣ ስፔኖችና ቡልጋሪያዎች ቃሉን የሚጠቀሙት እንደኛ ለስንብት ነው። ፖርቱጋሎችም «ቻው» የሚሉት ሲለያዩ ነው። ቼኮች፣ ስሎቫኮች፣ ሰርቦችና ላትቪያዎች ግን እንደ ጣሊያኖች ለሁለቱም ያውሉታል። የሚገርመው የቼኮቹ አነጋገር ነው። «ቻው» ሲሉ ከኛው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ፕራግ ላይ ግን አንዱ ሲገባ ቻው፣ ሌላው ሲወጣ ቻው ይላል። ድምፁ የኛ ነው፣ ፍቺው የጣሊያን።

ለምን እንዲህ ሆነ? እኔ እንደሚመስለኝ ቃል ሲዋሱት ሁልጊዜ ሙሉ ሻንጣውን ይዞ አይመጣም። ጀርመን «ሃሎ» አለው፣ ስፔን «ኦላ» አለው፣ እኛም «ሰላም» እና «ታዲያስ» አለን። የመገናኛው ወንበር ተይዟል። የቀረው የመለያያው ነበር።

«ቀላል የወዳጅነት ቃል ናት፣ ሌላ ታሪክ የላትም»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ታሪኳ ከባድ ነው። ቃሉ የተነሣው ከቬኒስ ነው። የቬኒስ ሰዎች አክብሮታቸውን ሲገልጹ «ባሪያዎ ነኝ» ይሉ ነበር። ባሪያ በቬኒስ ቋንቋ «ስቻቮ» ነበር፣ «ስ» እና «ቻ» ለየት ለየት ብለው የሚሰሙበት። ከዚያ «ስቻኦ» ሆነ፣ በኋላም «ስ» ወደቀችና «ቻኦ» ቀረ። ቃሉ ከሰሜን ኢጣሊያ ተነሥቶ ቀስ በቀስ በመላው አገሪቱ ተሰራጨ።

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብንሄድ ደግሞ የላቲኑ «ስክላቩስ» አለ። ይህ መጀመሪያ የስላቭ ሕዝቦች ስም ነበር። በመካከለኛው ዘመን ብዙ ስላቮች እየተማረኩ ይሸጡ ስለነበር የሕዝቡ ስም የባሪያ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የእንግሊዝኛው «ስሌቭ»፣ የጀርመንኛው «ስክላቨ» እና የፈረንሳይኛው «ኤስክላቭ» ሁሉም ከዚያው ናቸው። ዛሬ ቻው ከሚሉት መካከል እነዚያው ስላቮች፣ ቼኮቹና ሰርቦቹ፣ መኖራቸው ልብ ይነካል።

«ታዲያ ልንተወው ይገባል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ባሪያ የሚለው ቃል በኛም አገር ሰው ያቆሰለ፣ ዛሬም የሚያቆስል ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን መተው አያስፈልግም ባይ ነኝ። ዛሬ ቻው ሲባል ያንን ፍቺ የሚሰማ ጆሮ የለም። የአክብሮት ቃል ራስን ዝቅ ከማድረግ መነሣቱም የቬኒስ ብቻ ልማድ አይደለም። ካፌ ስንገባ «ምን ልታዘዝ?» እንባላለን። በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን ባቫሪያ ደግሞ ወዳጆች ሲገናኙም ሲለያዩም «ሰርቩስ» ይባባላሉ። ሰርቩስ በላቲን ባሪያ ወይም አገልጋይ ማለት ነው። ሙኒክ ወይም ቪየና የምትኖሩ በየቀኑ ትሰሙታላችሁ።

«ድምፁ ከተመሳሰለ ሥሩ አንድ ነው»

ይህ ግምት ብዙ ሰው ያሳስታል። ቬትናሞች በሰላምታቸው ውስጥ «ቻኦ» ይላሉ። ከጣሊያኑ ጋር ግን ዝምድና የለውም፣ የራሳቸው ቃል ነው። ሀንጋሪዎች ደግሞ «ሲያ» ይላሉ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው «ሲ ያ»፣ ማለትም «በኋላ እንገናኝ» የሚለውን ተውሰው ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። «ሲያ» የመጣው ከዚያው ከሰርቩስ ነው። ይባስ ብሎ ሀንጋሪዎች «ሄሎ» የሚሉት ሲለያዩም ጭምር ነው! ሲያ ብለው ተቀብለው ሄሎ ብለው ሲሸኙ መስማት የተለመደ ነው።

«ለማንም ሊባል ይችላል»

አማርኛ ላይ «ቻው እማማ»፣ «ቻው ጋሼ» ብንል አክብሮቱን «እማማ» እና «ጋሼ» ይሸከሙልናል። ጣሊያን ላይ እንደዚያ አይሆንም። ቻኦ ለቤተሰብ፣ ለጓደኛ፣ ለእኩያና ለልጅ ነው፤ በኛ አባባል «አንተ» እና «አንቺ» ለምንላቸው። ለማናውቀው ትልቅ ሰው፣ ለሐኪም ወይም ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ ቻኦ ማለት ሳይተዋወቁ «አንተ» እንደማለት ይሰማል። በተለይ አዲስ ገቢዎች ይህን ቢይዙት ይጠቅማል፣ ቃሉን ቀድመን ስለምናውቀው መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው እሱ ነውና።

በአንጻሩ ስዊድን ላይ «ሄይ» ለሁሉም ይሆናል፤ ለሕፃንም ለአለቃም። ስዊድኖች ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እርስ በርስ «አንተ» መባባልን አጠቃላይ ልማድ አድርገውታል። ከስቶክሆልም ወደ ሮም የተዛወረ ሰው ያንን ቅለት ይዞ ቢሄድ ይሳሳታል።

ጣሊያን ውስጥ ለማያውቁት ሰው ሲደርሱ «ቦንጆርኖ»፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ማታው «ቦናሴራ»፣ ሲለዩ «አሪቬዴርቺ» ማለት ነው። የትኛው እንደሚስማማ ካልታወቀ ለመገናኛው «ሳልቬ» አለ፤ እንደ ቻኦ አይደፍርም፣ እንደ ቦንጆርኖም ሰዓት አይጠይቅም። ሰውየው ራሱ ቀድሞ «ቻኦ» ካለ ግን በቻኦ መመለስ ይቻላል።