ቻይናውያን እና ሙታናቸው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙዎቻችን ስለ ቻይናውያን የሙታን መታሰቢያ የምናውቀው ከፊልም ነው። እጁን ዘርግቶ የሚዘል ሬሳ፣ ጨለማ፣ የሚነድ ወረቀት። እኔ ግን ነገሩን ቀረብ ብዬ ሳየው ከፍርሃት ይልቅ ናፍቆት ነው ያገኘሁበት። ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥቂት ነገሮች ላስተካክል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሙታንን እንደ አምላክ ያመልካሉ»

ይህ ጉዳይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ራሷን ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቻይና የገባው የጀስዊት (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ካህኑ ማቴዎ ሪቺ፣ ለአያት ቅድመ አያት መስገድ ክብር እንጂ አምልኮ አይደለም ባይ ነበር። ሌሎች ሚሲዮናውያን አልተቀበሉትም። ሮም በ1704 እና በ1715 ሥርዓቱን ከለከለች። መልሳ የፈቀደችው በ1939 ነው።

እስቲ መቃብሩ ላይ የሚሆነውን እንይ። ቺንግሚንግ የሚባለው የመቃብር ማጽጃ ቀን በእኛ መጋቢት 26 ወይም 27 አካባቢ ይውላል። ቤተሰቡ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል። አረም ይነቅላል። ድንጋዩ ላይ የደበዘዘውን ስም በቀለም ያደምቃል። ሟቹ ይወደው የነበረውን ምግብ፣ ሻዩንና መጠጡን ያቀርባል። ቀጫጭን የእጣን እንጨቶች ለኩሶ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ምግቡን ራሱ ቁጭ ብሎ ይበላዋል። ከአያቱ በረከት የሚለምንም አለ፤ አይካድም። የነገሩ እምብርት ግን «አልረሳንህም» ነው። ተዝካር ደግሶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ባዕድ አይሆንበትም።

«የሚያቃጥሉት የገሃነም ብር ነው»

ለሙታን የሚቃጠለው እውነተኛ ብር አይደለም፤ ለዚሁ ተብሎ የታተመ ወረቀት ነው። አንዳንዱ ላይ በእንግሊዝኛ «ሄል» የሚል ስላለ ሰው ይደነግጣል። የቻይንኛው ስም ግን «የሙታን ዓለም ገንዘብ» እንደማለት ነው። ከገሃነም ይልቅ የእኛ «ሲኦል» ይቀርበዋል። የተቃጠለው ነገር እዚያ ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። ዛሬ ከወረቀት የተሠራ ቤት፣ መኪና፣ ሞባይል ሳይቀር ይላካል።

«ሬሳ ማቃጠል የጥንት ባህላቸው ነው»

ለአብዛኛው ሕዝብ ወጉ አፈር ማልበስ ነበር። በጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ በኮንፊሽየስ ትምህርት አካል ከወላጅ የተቀበሉት አደራ ነውና አይጎዳም። ማቃጠልን በ1956 የኮሚኒስት ቻይና መሪ የነበረው ማኦ እና ሌሎች መሪዎች ፈርመው ደገፉት። የማኦ አስከሬን ግን ሳይቃጠል ዛሬም ቤጂንግ ውስጥ አለ።

«አራት ቁጥርን ያለ ምክንያት ይፈራሉ»

ምክንያቱ ቋንቋው ነው። «አራት» እና «ሞት» በቻይንኛ የሚለያዩት በቃና (በድምፁ ከፍታና ዝቅታ) ብቻ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ፎቅ ላይ ሊፍቱ 4ን የሚዘለው። ሰዓት በስጦታ መስጠትም «ሟችን መሸኘት» ከሚለው ጋር አንድ ድምፅ አለው። ቻይናዊ የሥራ ባልደረባ ካላችሁ የግድግዳ ሰዓት ይቅርባችሁ። ቾፕስቲክም (የመብያ ዘንጎቹን) ሩዝ ላይ አትትከሉ፤ ለሟች የሚለኮሰውን እጣን ይመስላል።

«ቀብራቸው ነጭ ብቻ ነው»

ነጭ ዋናው የኀዘን ቀለም ነው። ሰው ግን ከ80 አልፎ፣ ልጅ የልጅ ልጅ አይቶ ሲሞት «የደስታ ቀብር» የሚሉት አለ፤ ያኔ በብዙ ቦታ ቀይም ይታያል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለቀስተኛው ትንሽ ነጭ ፖስታ ይሰጠዋል። ውስጡ ከረሜላ፣ ሶፍት እና ሳንቲም አለ። ከረሜላው ቤት ሳይደረስ ይበላል፤ ምሬቱን ለማጣፈጥ። ሳንቲሙም መንገድ ላይ ወጪ መሆን አለበት።

«የመናፍስት ወር የጭራቅ ወር ነው»

በጨረቃ አቆጣጠር በ7ኛው ወር የሙታን ደጅ ይከፈታል ይባላል። ብዙዎች በዚያ ወር አይሞሸሩም፤ ቤት አይቀይሩም። ፍርሃት የለበትም አልልም። ግን ምግቡ የሚቀርበው ለራስ ዘመድ ብቻ አይደለም። ልጅ ለሌላቸው፣ አስታዋሽ ላጡ ነፍሶችም ነው። ሲንጋፖር እና ማሌዥያ ውስጥ ሜዳ ላይ የዘፈን መድረክ ይተከላል። ሕዝቡ ከኋላ ይቀመጣል። የፊተኛው ረድፍ ወንበር ባዶውን ይተዋል፤ ለእነሱ ነው።