የወንድ አገጭ፣ የሴት አገጭ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እስኪ አንድ ነገር ሞክሩ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አገጫችሁን ያዙና አጥንቱን ጫን እያላችሁ ዳስሱት። መሀል ላይ ወጣ ያለ ክፍል አለ። ከእሱ ግራና ቀኝ፣ ወደ ታችኛው ጠርዝ ጠጋ ብለው፣ ሁለት ጉብታዎች አሉ። አንዳንድ ሰው ላይ እንደ ማዕዘን ቁልጭ ብለው ይታወቃሉ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከመሀሉ ጋር ተዋህደው እምብዛም አይለዩም።

በወንድና በሴት አገጭ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚጀምረው ከእነዚህ ጉብታዎች ነው። ስለ አገጭ ቀዶ ጥገና ሲወራ ግን ጉብታዎቹን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ወሬው ሁሉ «ወደ ፊት ይውጣ» ወይም «ወደ ኋላ ይግባ» ነው። ይሄ ያሳስበኛል። የተሳሳተ ሐሳብ ይዞ ሐኪም ፊት የሚቀመጥ ሰው የሚጠይቀውም የተሳሳተ ነገር ነው። አጥንት ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ ወደነበረበት መመለስ ቀላል አይደለም።

«የወንድ አገጭ ትልቅ ነው፣ የሴት ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው»

ልዩነቱ ከመጠን ይልቅ ቅርጽ ላይ ነው። በአማካይ ሲታይ የወንዶች ሁለቱ ጉብታዎች ጎላ ያሉና የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ አገጩ ከፊት ሲታይ ሰፊ፣ ጠፍጣፋና አራት ማዕዘን መሰል ይሆናል። ሴቶች ላይ ጉብታዎቹ ለስለስ ያሉና የተቀራረቡ ስለሆኑ መሀሉ ገኖ ይወጣል። አገጩም ክብ ወይም ሾል ያለ ሆኖ ይታያል።

ቁመትም አለ። ከታችኛው ከንፈር እስከ አገጭ ጫፍ ያለው ርቀት በአማካይ ወንዶች ላይ ይረዝማል። ሦስተኛው ከጎን ሲታይ ያለው ነው። ሐኪሞች ከታችኛው ከንፈር ጠርዝ ቀጥታ ወደ ታች የሚወርድ መስመር በሐሳብ ይስላሉ። ወንድ ላይ አገጩ መስመሩን ቢነካ ይመረጣል። ሴት ላይ ግን ከመስመሩ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቢቀር ፊቷን አያበላሽም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያምርባታል።

እንግዲህ ስፋት፣ ቁመትና ወደ ፊት መውጣት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው የሚያየው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ ችግሩም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ሴት አገጯ ትንሽ ገባ ስላለ ኢምፕላንት (አጥንቱ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ቅርጽ) ይገባላታል እንበል። የተመረጠው ኢምፕላንት ግራና ቀኝ ክንፍ ያለው፣ ሰፊ ዓይነት ከሆነ አገጩ ከጎን ያምራል። ከፊት ስትታይ ግን ፊቷ አራት ማዕዘን ይሆንባታል። ወንድ ላይ ተቃራኒው ይደርሳል። መሀል ላይ ብቻ የምትቀመጥ ጠባብ ኢምፕላንት ከገባችለት አገጩ ወጥቶም ሹል ይሆናል፤ የፈለገው መልክ ግን አይመጣም። ሁለቱም ላይ ሚሊ ሜትሩ በትክክል ተለክቶ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተው ቅርጹ ነው።

ስለዚህ ከጎን የተነሳ ፎቶ ብቻ ይዞ የሚወስን ሐኪም ካጋጠማችሁ ከፊት የተነሳውንም እንዲያይ ጠይቁት።

«አገጩን አይቶ ወንድ ነው ሴት ናት ማለት ይቻላል»

አጥንት መርምረው ማንነት የሚለዩ ባለሙያዎች እንኳ በአገጭ ብቻ ይህን አይሉም። የራስ ቅል ሲመረምሩ አምስት ቦታዎችን ያያሉ፤ አገጭ ከአምስቱ አንዱ ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። 1 በጣም ለስላሳው፣ 5 በጣም ጎላ ያለው ነው። መሀል ላይ የሚወድቅ ወንድም ሴትም ብዙ አለ። አገጭ ብቻውን ሲታይ ደግሞ በቀላሉ ሊያሳስት ይችላል።

ይህን የማነሳው ለአንድ ነገር ነው። ሰፊ አገጭ ያላት ሴት የሚታከም ጉድለት የለባትም። ሾል ያለ አገጭ ያለው ወንድም እንዲሁ። አማካይ ማለት የብዙ ሰው ልኬት ተደምሮ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር እንጂ ሁሉም ሊደርስበት የሚገባ ግብ አይደለም። የሚያስጨንቃችሁ አገጭ ከአፍንጫችሁ፣ ከከንፈራችሁና ከመንጋጋችሁ ጋር ስምም ከሆነ የአማካዩ ነገር ምን አገባችሁ?

«ሆርሞን ሲቀየር አጥንቱም አብሮ ይቀየራል»

ሕፃናት ላይ የወንድና የሴት አገጭ ልዩነት ጎልቶ አይታይም። የሚጎላው በጉርምስና ነው። ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን የወንዶችን የታችኛ መንጋጋ ያሳድገዋል፤ እድገቱም ከሴቶቹ ዘግይቶ ነው የሚያበቃው። ሐኪሞች እድገት ሳያልቅ የአገጭ አጥንት ለመቁረጥ የማይቸኩሉትም ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ አጥንቱ ቅርጹን ይዟል። አዋቂ ሰው ሆርሞን ቢወስድ ቆዳው፣ ስቡና ፀጉሩ ይለወጣል። የአገጩ አጥንት ግን ያው ነው። ከወንድ ወደ ሴት ሽግግር የሚያደርጉ ሰዎች ፊታቸው እንዲለሰልስ ሲፈልጉ ወደ ቀዶ ጥገና የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዳግላስ አውስተርሃውት የተባለ ሰርጀን የወንድና የሴት የራስ ቅሎችን ልዩነት እያጠና ለዚህ ሥራ መሠረት ጥሏል። ግንባርን፣ መንጋጋንና አገጭን የሚነካው በግምት ሳይሆን ከአጥንቶቹ ልኬት ተነስቶ ነበር።

«ማስቲካ ማኘክ አገጭ ያወጣል»

አያወጣም። ብዙ ማኘክ የሚያሳብጠው የማኘኪያውን ጡንቻ ነው። እሱ ያለው ከጆሮ ሥር፣ መንጋጋው ማዕዘን ላይ ነው እንጂ አገጭ ላይ አይደለም። ምላስን ላንቃ ላይ ለጥፎ መዋልም የአዋቂ ሰው አጥንት አይቀርጽም።

«አገጬ ገባ ያለ ነው፤ ኢምፕላንት ይበቃኛል»

ሊበቃ ይችላል፣ ላይበቃም ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው ጥርስ ነው። አንዳንድ ሰው መንጋጋው ደህና ሆኖ የአገጩ ጫፍ ብቻ ያንሳል። ሌላው ደግሞ መላው የታችኛ መንጋጋ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የላይና የታች ጥርሶቹም በትክክል አይገጥሙም። ሁለቱ ሰዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለተኛው ላይ ኢምፕላንት ማስገባት ግን ችግሩን መሸፈን ነው። አገጩ ቢወጣም ጥርሱ እንደነበረው ይቀራል።

ሌላው መረሳት የሌለበት ነገር፣ ኢምፕላንት መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልም። ረጅም ወይም ሰፊ አገጭ የሚያስቸግረው ሰው ከኢምፕላንት ምንም አያገኝም። እዚህ ላይ የሚመጣው ጂኒዮፕላስቲ የሚባለው የአገጭ አጥንት ቀዶ ጥገና ነው። በአፍ ውስጥ፣ ከታችኛው ከንፈርና ድድ መካከል ተከፍቶ ይገባል። አጥንቱ ከጥርስ ሥሮች በታች በአግድም ይቆረጥና ወደሚፈለገው ቦታ ተንሸራቶ በቲታኒየም ብረትና ብሎን ይታሰራል። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መውሰድ ይቻላል። ከመሀሉ ቁራጭ ከወጣለት ደግሞ ይጠባል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ኦቶ ሆፈር የተባለ ሐኪም በ1942 (እ.ኤ.አ.) ገለጸው፤ በ1957 ትራውነርና ኦብቬገዘር የተባሉ ሐኪሞች በአፍ ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ አሳዩ። ፊት ላይ ጠባሳ የማይታየው ለዚህ ነው።

«አገጭን ለማሳነስ አጥንቱን መሞረድ ይበቃል»

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ይሄኛው ነው።

መስታወት ፊት ቁሙና የታችኛ ከንፈራችሁን አጥብቃችሁ ወደ ላይ ግፉት። አገጫችሁ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲጨማደድ ታያላችሁ። ያን የሚያደርገው የአገጭ ጡንቻ ነው። አንድ ጫፉ አጥንቱ ላይ፣ ሌላው ቆዳው ላይ ተጣብቋል። አጥንቱ ተሞርዶ ሲያንስ ጡንቻውና ቆዳው አብረው አያንሱም። በነበረ መጠናቸው ይቀራሉ። ጡንቻው ወደ ቦታው በደንብ ካልተሰፋ አገጩ ከሥር ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ የታችኛው ከንፈርም አብሮ ሊወርድና የታች ጥርስ ሊታይ ይችላል።

ቆዳ አጥንትን የሚከተለው እኩል አይደለም። አጥንቱ ወደ ፊት ሲሄድ ቆዳው ከሞላ ጎደል እኩል ይከተለዋል። ወደ ኋላ ሲሄድ ግን በጣም ያነሰ ነው የሚከተለው። አገጭ ማሳነስ ከማውጣት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። አገጯን ማጥበብ የምትፈልግ ሴት «አጥንቱ ስንት ሚሊ ሜትር ይነሳል?» ብላ ብቻ አትጠይቅ። «ጡንቻውስ እንዴት ይታሰራል? ቆዳውስ የት ይሄዳል?» ትበል።

ነርቩም አለ። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ከአጥንቱ የሚወጣው ግራና ቀኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ትንሽ መንጋጋ ጥርስ ሥር ባለች ቀዳዳ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከንፈርና አገጭ መደንዘዝ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል። ጥቂት ሰው ላይ ግን የተወሰነው ይቀራል። ይህን አስቀድሞ የማይነግር ሐኪም ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው።

«ስርጉድ አገጭ የወንድ ምልክት ነው»

ሴቶችም አላቸው።

«ፊለር መርፌ ብቻ ስለሆነ አያሰጋም»

ፊለር ማለት ቅርጽ ለመሙላት በመርፌ ከቆዳ ሥር የሚገባ ጄል መሰል ነገር ነው። አገጭ ውስጥ ደግሞ የደም ሥሮች አሉ። ፊለሩ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ደም ይዘጋል፤ ቆዳው ሊሞት ይችላል። ቆዳው ወዲያው ከነጣ ወይም ከባድ ሕመም ከመጣ ነገ ልየው አይባልም። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው ዓይነት አንድ ጥቅም አለው፤ በሌላ መርፌ ሊሟሟ ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከዚህ ዓይነት አንዱን ለአገጭ ፈቅዷል።

መርፌው የሚወጋበት ቦታም ከወንድ ወደ ሴት ይለያያል። ሴት ላይ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ነው፣ አገጩ ሾል እንዲል። ወንድ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ነው፣ ሰፋ እንዲል። መጀመሪያ በጣታችሁ የዳሰሳችኋቸው ጉብታዎች ላይ ማለት ነው።