በፓይሞል ውስጥ «ግሩፕ» ምንድን ነው?

ፓይሞል ፕሮቲንን በስክሪን ላይ እያገላበጡ ለማየት የሚረዳ ሶፍትዌር ነው። የከፈትነው ሁሉ በስተቀኝ ባለው ዝርዝር ላይ በየስሙ ይሰለፋል። እያንዳንዱ «ኦብጀክት» ይባላል። ሦስት አራት ሲሆኑ ችግር የለም። ሲበዙ ግን የትኛው የት እንዳለ ይጠፋናል። ያኔ ነው ግሩፕ የሚያስፈልገው፤ ብዙ ኦብጀክቶችን በአንድ ስም ስር ያስራል።

የታሰረ ነዶ አስቡ። ዛላው ያው ዛላ ነው፤ አንስቶ መሸከም ግን ይቀላል። ግሩፕም የራሱ አተም የለውም፣ አባላቱን ብቻ ይይዛል። ከ«ሰሌክሽን» ጋር አታምታቱት። ሰሌክሽን አተሞችን ይመርጣል፤ ግሩፕ ኦብጀክቶችን እንዳሉ ያስራል።

በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢንን እንውሰድ። የፕሮቲን ቅርጾች በሚቀመጡበት በፕሮቲን ዳታ ባንክ 4ኤችኤችቢ (4HHB) የሚል መለያ ያለው ኦክስጅን ያልያዘ ጤናማ የሰው ሄሞግሎቢን ነው። ሁለት አልፋና ሁለት ቤታ፣ በድምሩ 4 ሰንሰለት (የአሚኖ አሲድ ድርድር) አለው። 2ኤችቢኤስ (2HBS) ደግሞ ሲክል ሴል በተባለው የደም በሽታ የሚገኘው ሄሞግሎቢን ነው። እሱም ኦክስጅን ስላልያዘ ለማወዳደር ይመቻል። ፋይሉ ሁለት ሙሉ ሄሞግሎቢን ስለያዘ 8 ሰንሰለት አለው። ሁለቱንም በየሰንሰለታቸው ስትከፋፍሉ 12 ኦብጀክት ይወጣል። ዋናዎቹም እዛው ስለሚቀሩ ዝርዝሩ 14 ይደርሳል።

አሁን 4ቱን «ጤነኛ»፣ 8ቱን «ሲክል» ብላችሁ እሰሩ (ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉት)። የግሩፕን ትእዛዝ፣ ከዚያ የግሩፑን ስም፣ ከኮማ በኋላ የአባላቱን ስም መጻፍ ነው። የአባላቱ ስም አጀማመር አንድ ከሆነ የኮከብ ምልክት ይበቃል። ከዚህ በኋላ «ሲክል» የሚለውን ስም ክሊክ ስታደርጉ 8ቱም አብረው ይጠፋሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። ቀለም ብትሰጡትም ለሁሉም ይደርሳል። የመደመር ምልክቷን ስትነኩ አባላቱ ይዘረዘራሉ፤ አንዱን ብቻ መደበቅም ይቻላል።

አንድ ኦብጀክት ግን በአንድ ጊዜ በአንድ ግሩፕ ውስጥ ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ ከማሰራችሁ በፊት ጥያቄያችሁን እወቁ። እዚህ ጥያቄው ጤነኛውና ሲክሉ በምን ይለያያሉ የሚል ነው። ልዩነቱ ቤታ ላይ 6ኛው ቦታ ነው፤ እዚያ ያለው አሚኖ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ በሌላ አሚኖ አሲድ በቫሊን ተተክቷል። እኔ ብሆን ግሩፑን በበሽታው እከፍላለሁ፣ 6ኛዋን ቦታ ደግሞ በሁሉም ቤታዎች ላይ በሰሌክሽን እመርጣለሁ። አልፋና ቤታ ብላችሁ ካሰራችሁ ጤነኛውና ሲክሉ ይደባለቃሉ።

ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ግሩፑን ፍቱት። ኦብጀክቶቹ አይጠፉም፣ ወደ ዝርዝሩ ይመለሳሉ። ስትጨርሱ ሴሽኑን (የከፈታችሁትንና የሠራችሁትን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዘውን ፋይል) ሴቭ አድርጉ፤ የፕሮቲኑን ፋይል ብቻ ካስቀመጣችሁ ግሩፑ አብሮ አይቀመጥም።