«ለዘላለም የመጀመሪያዎቹ»፦ የማርሴይ ደጋፊዎች አባባል ትርጉምና አመጣጥ

በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው የወደብ ከተማ በማርሴይ፣ ስለ እግር ኳስ የተነሣ ክርክር እየጦፈ ሄዶ ወደ ፓሪሱ ክለብ፣ ወደ ፓሪ ሴንት ዠርሜን፣ ካመራ፣ ከማርሴይ ወገን የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «አ ዣሜ ሌ ፕሬሚዬ»። በአማርኛ «ለዘላለም የመጀመሪያዎቹ» እንደ ማለት ነው። የኦሎምፒክ ማርሴይ ደጋፊዎች ይህን አባባል በቬሎድሮም ስታዲየም በሚዘረጓቸው ትልልቅ ጨርቆች ላይ ይጽፉታል፤ በሻርፕና በካናቴራ ላይ ታትሞ ይሸጣል፤ ክለቡም ራሱ ይኮራበታል። ፍቺው ቀላል ነው። የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦችን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው የፈረንሳይ ክለብ ማርሴይ ሲሆን፣ ይህም የሆነው ግንቦት 18 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 26 ቀን 1993 ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባባሉ ኃይሉን ያገኘው ከመረጠው የክብር ዓይነት ይመስለኛል። በስፖርት ውስጥ ያለው ክብረ ወሰን አብዛኛው የሚቆጠር ነው፤ የዋንጫ ብዛት፣ የግብ ብዛት፣ ያለ ሽንፈት የተጓዙባቸው ጨዋታዎች ብዛት። የሚቆጠረውን ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ያለው ሌላ ክለብ አንድ ቀን ይደርስበታል፤ ያልፈዋልም። ተራ፣ ማለትም ቅደም ተከተል፣ ግን አይሰበርም። ሌላው ክለብ ዋንጫውን አሥር ጊዜ ቢያነሣ እንኳ የ1993ቱን ቀድሞ ሊገኝ አይችልም። እኛ ስለ ሰው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንደምንለው የማርሴይ ሰዎችም ስለ ክለባቸው የሚሉት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ የእነርሱ አባባል ትሕትና የሚባል ነገር የሌለበት፣ ሌላውን ለመንካት ታስቦ የሚወረወር መሆኑ ነው።

በፈረንሳይ መጀመሪያ መሆን ይህን ያህል የከበደው ከበስተጀርባው ረጅም የሽንፈት ታሪክ ስላለ ነው። የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ራሱ ከፈረንሳዮች የመነጨ ሐሳብ ነው፤ ሌኪፕ የተባለው የስፖርት ጋዜጣ፣ በተለይም ጋዜጠኛው ጋብሪዬል አኖ፣ ሐሳቡን አቅርበው ውድድሩ በ1955 ተጀመረ። በመጀመሪያው የፍጻሜ ጨዋታ፣ በ1956 ፓሪስ ላይ፣ የፈረንሳዩ ሬምስ ሪያል ማድሪድን 2 ለ 0 መምራት ጀምሮ በመጨረሻ 4 ለ 3 ተሸነፈ። ሁለቱ ክለቦች በ1959 ሽቱትጋርት ላይ ዳግም ሲገናኙም ማድሪድ 2 ለ 0 አሸነፈ። ሴንት ኤቲየን በ1976 ግላስጎው ላይ በባየርን ሙኒክ 1 ለ 0 በተረታበት ጨዋታ ሁለት ኳሶቹ የግቡን አግዳሚ ገጭተው ተመልሰውበታል። የሃምፕደን ፓርክ ስታዲየም የግብ ብረት ክብ ሳይሆን ባለ አራት ማዕዘን ነበርና፣ «ክብ ቢሆን ኖሮ ኳሷ ትገባ ነበር» የሚለው ቁጭት በፈረንሳይ እስከ ዛሬ ይወራል። ባስቲያ በ1978 በዩኤፋ ዋንጫ፣ ሞናኮ በ1992 በዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ፣ ሁለቱም ፍጻሜ ደርሰው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ድግሱን ደግሶ ሳይቀምስ እንደ ቀረ ባለቤት፣ ውድድሩን ያፈለቀችው አገር ከሠላሳ ሰባት ዓመት በላይ ከታላላቆቹ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫዎች አንዱንም አላገኘችም።

ማርሴይም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ነጋዴው በርናር ታፒ በ1986 የክለቡ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ቡድኑ ከ1989 እስከ 1992 አራት ጊዜ በተከታታይ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ፤ አጥቂው ዣን ፒየር ፓፓን ለአምስት ተከታታይ የውድድር ዘመናት የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኖ በ1991 የወርቅ ኳስ ተሸለመ። በአውሮፓ መድረክ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በ1990 በግማሽ ፍጻሜው ከፖርቱጋሉ ቤንፊካ ጋር ሲጫወት፣ በሜዳው 2 ለ 1 አሸንፎ ሊዝበን ከሄደ በኋላ፣ ቫታ የተባለው አጥቂ በእጁ ያስገባት ግብ ጸድቃበት ከውድድሩ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ባሪ ላይ ፍጻሜ ደርሶ ከቤልግሬዱ ቀይ ኮከብ ጋር ያለ ግብ ተለያየና በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 3 ተሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ ሜዳ ላይ እንደ ሕፃን ያለቀሰው ተከላካይ ባሲል ቦሊ ነበር። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ።

በ1993ቱ ፍጻሜ ሙኒክ ላይ ማርሴይን የገጠመው ኤሲ ሚላን በዚያ ዓመት ውድድር እስከ ፍጻሜው ድረስ ያደረጋቸውን አሥር ጨዋታዎች በሙሉ ያሸነፈና አንድ ግብ ብቻ የተቆጠረበት ቡድን ነበር። ባሬሲ፣ ማልዲኒ፣ ራይካርድና ቫን ባስተን ተሰልፈዋል። የማርሴዩ ፓፓን እንኳ ባለፈው ክረምት ወደ ሚላን ተሻግሮ በተቃራኒው ወገን የተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማርሴይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተጨንቆ ሲከላከል ዋለ፤ ግብ ጠባቂው ፋቢያን ባርቴዝ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ በርካታ ሙከራዎችን መለሰ። ጉልበቱን ያመመው ቦሊ ከሜዳ እንዲያስወጡት ወደ ተጠባባቂዎች ወንበር ምልክት ይሰጥ ነበር። የ71 ዓመቱ ቤልጂየማዊ አሰልጣኝ ሬይሞን ጉታልስ ከመቀየሩ በፊት፣ ከላይ ከክብር ትሪቡን ሆኖ ጨዋታውን ይከታተል የነበረው ታፒ በሬዲዮ መገናኛ «እንዳይወጣ» የሚል ትእዛዝ አስተላለፈ። ቦሊ እያነከሰ ቀጠለ። ሊያርፉ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀራቸው ጋናዊው አቤዲ ፔሌ ከቀኝ በኩል የማዕዘን ምት አሻማ፤ አቢጃን የተወለደው ቦሊ ከተከላካዮቹ ቀድሞ ዘለለና በግንባሩ ገጫት። ኳሷ ወደ መረቡ ስትገባ የጨዋታው ብቸኛ ግብ ተቆጠረች። ቀሪው ጊዜ በሙሉ መከላከል ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ፓፓን ተቀይሮ ገባ፤ ግን የቀድሞ ጓደኞቹን መረብ ማግኘት አልቻለም። ቫን ባስተንን ያህል አጥቂም ቁርጭምጭሚቱ እየጎዳው ያን ምሽት የመጨረሻውን የክለብ ጨዋታ ተጫወተ።

ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ያነሣው አምበሉ ዲዲዬ ዴሾ ያኔ የ24 ዓመት ልጅ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን አነሣ፤ በ2010 ደግሞ በአሰልጣኝነት ተመልሶ ለማርሴይ ከ18 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን፣ በጠቅላላው ዘጠነኛውን የሊግ ዋንጫ አስገኘ። ተከላካዩ ማርሴል ዴሳይ በ1993 ወደ ሚላን ተዛውሮ በ1994 ፍጻሜ ባርሴሎናን 4 ለ 0 ሲያሸንፉ ግብ አስቆጠረ፤ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ዋንጫውን ለሁለት የተለያዩ ክለቦች በማንሣትም የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ውድድሩ «ቻምፒየንስ ሊግ» በሚለው አዲስ ስም መካሄድ የጀመረው በ1992-93 የውድድር ዘመን ስለሆነ፣ ማርሴይ በዚህም ስሌት የመጀመሪያው ባለ ድል ነው። ይህ ግን ደጋፊው እምብዛም የማያነሣው ጉዳይ ነው፤ ለእርሱ ዋናው ፈረንሳይ ውስጥ ቀድሞ መገኘቱ ነውና።

«ለዘላለም» የሚለው ቃል ለምን እንዲህ እንደ ከበደ ለመረዳት ከፍጻሜው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ማርሴይ ሜይ 20 ቀን ወደ ቫሎንሲየን ሄዶ በሊግ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸነፈ። የቫሎንሲየኑ ተከላካይ ዣክ ግላስማን ተጫዋቾቹ ጨዋታውን ለቀቅ እንዲያደርጉ ከማርሴይ ወገን ገንዘብ እንደ ቀረበላቸው ተናገረ፤ በኋላም በሕግ ምርመራ 250 ሺህ ፍራንክ ከአንደኛው ተጫዋች ቤተዘመድ አትክልት ስፍራ ተቀብሮ ተገኘ። ማርሴይ የ1993ቱን የፈረንሳይ ሊግ ዋንጫ ተነጠቀ፤ ማዕረጉ ለማንም አልተሰጠምና የዚያ ዓመት የሻምፒዮኖች መዝገብ ዛሬም ባዶ ነው። ክለቡ በሚቀጥለው ዓመት በቻምፒየንስ ሊጉ ዋንጫውን እንዳይከላከል ታገደ፤ በ1994 ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ፤ ታፒም በ1997 እስር ቤት ገባ። እውነቱን የተናገረው ግላስማን በየስታዲየሙ ተሰድቧል፤ በ1995 ግን ፊፋ የፌር ፕሌይ ሽልማቱን ሰጠው።

ያልተነካው የአውሮፓው ዋንጫ ብቻ ነው፤ ማጭበርበሩ የተረጋገጠው በፈረንሳይ ሊግ ጨዋታ ላይ ነበርና። ተቀናቃኞች አባባሉን ቀጥለው «የመጀመሪያዎቹ አጭበርባሪዎች» እያሉ ያሾፉበታል። በእኔ ግምት ከቫሎንሲየን ለይቶ አባባሉን መተርጎም ግማሹን መተው ነው። ክለቡ ብዙ ነገር በተነጠቀበት ዘመን ደጋፊው እጁ ላይ የቀረችው ያቺ ምሽት ስለሆነች፣ «ለዘላለም» የሚለው ጉራ የመሰለ ቃል ከውስጡ «ይህን አትወስዱብንም» የሚል የመከላከያ ድምፅ አለው።

አባባሉ ግን እንዲህ የገነነው በሌላው ክለብ መጠንከር ምክንያት ነው። በ1970 የተመሠረተው ፓሪ ሴንት ዠርሜን በ2011 በካታር ባለሀብቶች ከተገዛ በኋላ የማርሴይ የሚቆጠሩ ክብሮች አንድ በአንድ ተነጠቁ። ከሊጉ ውጭ በጥሎ ማለፍ የሚካሄደውን የፈረንሳይ ዋንጫ አሥር ጊዜ በማንሣት ክብረ ወሰን የያዘው ማርሴይ ነበር፤ በ2016 ፓሪስ አሥረኛውን ያገኘው ማርሴይን ራሱን በፍጻሜው 4 ለ 2 አሸንፎ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት አለፈው። በ2020 በሊግ ዋንጫም ዘጠኝ ደርሶ ተስተካከለው፤ ከዚያም አሳደገው። ከሚቆጠሩት መካከል ጸንቶ የቆመው የክሮኤሺያዊው ጆሲፕ ስኮብላር ክብረ ወሰን ነው፦ በ1970-71 የውድድር ዘመን ለማርሴይ 44 የሊግ ግቦች አስቆጠረ። የፓሪሱ ኢብራሂሞቪች በ2015-16 የደረሰው 38 ላይ ነው።

እንዲህ ቁጥሩ እየሸሸ ሲሄድ ተራው እየከበረ መጣ። በኦገስት 2020 ፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሲደርስ የማርሴይ አካባቢ ፖሊስ ኃላፊዎች ግጭትን በመፍራት በአሮጌው ወደብ ዙሪያ የፓሪስን ማልያ መልበስ የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ፤ ነገሩ መነጋገሪያና መሳቂያ ሲሆን ብዙም ሳይቆዩ አነሡት። ፓሪስ በባየርን 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ማርሴይ ውስጥ ደግሞ መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉ ተደሰቱ። አባባሉ በዚያ ሌሊት በየማኅበራዊ መገናኛው ያልተጻፈበት ቦታ አልነበረም።

ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም ሜይ 31 ቀን 2025፣ የማይቀረው ሆነ። ፓሪስ ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 አሸነፈ፤ በውድድሩ ፍጻሜ ታሪክ ከዚህ የሰፋ ልዩነት አልታየም። ቦታውም፣ ስታዲየሙ ቢለያይም፣ ያው ሙኒክ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ማርሴይ «የመጀመሪያዎቹ» ብቻ ሳይሆን «ብቸኞቹ» ሊባል ይችል ነበር፤ ያን ማዕረግ መሪ ቃላቸው ያደረጉ ቢሆን ኖሮ አባባሉ ያን ምሽት ይሞት ነበር። ደጋፊው ግን ከመጀመሪያው ሊወሰድ የማይችለውን መርጧልና ከጨዋታው በኋላ አባባሉ ከበፊቱ ይልቅ በዝቶ ተሰማ። በጨዋታ ጥራት ካነጻጸርን የ2025ቱ ፓሪስ የላቀ መሆኑን ብዙ የማርሴይ ሰው በልቡ ያውቃል፤ አባባሉም ይህን አይክድም፤ ስለ ቅደም ተከተል እንጂ ስለ ብልጫ የሚናገረው ነገር የለም።

አባባሉን የሚጠቀም ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር ግን አለ። በሴቶች እግር ኳስ የሊዮን ቡድን በ2011 የመጀመሪያውን የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ አንሥቶ እስከ 2022 ድረስ ስምንት አድርሶታል፤ ይህም ከየትኛውም የአውሮፓ ሴቶች ክለብ የበለጠ ነው። በዚያ ዘርፍ ፈረንሳይን ቀድሞ ለዋንጫ ያበቃው ሊዮን ነው፤ የማርሴይ ደጋፊ «የመጀመሪያዎቹ» ሲል «በወንዶች» የሚለውን ሳይናገር ያልፈዋል።